ለእህቱ ያዘጋጀው ክፍል

መስታወት ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ ፍሬም ገጣሚ ነበርኩ፣ እሱ ቆራጭ። በመካከላችን ያለው አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ነው፤ መስታወቱ እንዳይጫር ላዩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ተወጥሮበታል። ሰባት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ስንተያይ ኖረን፣ በሥራ ሰዓት ከአፉ የወጣውን ቃል ሁሉ ብለቃቅመው የአንድ ቀን ወሬ አይሞላም። ስለ እሱ የማውቀውን ያወቅሁት መስታወት ጭነን ወደ ደንበኛ ቤት ስንሄድ፣ መኪና ውስጥ ነው። መስታወት የጫነ መኪና ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና ደግሞ ዝምተኛውንም ሰው ያናግራል።

"ሽማግሌው" ነበር የምንለው። ቅጽል ስሙን ያወጣንለት እኛ አይደለንም፣ ካደገበት የሕጻናት ማሳደጊያ ይዞት የመጣ ነው። ገና በአሥራ ሦስት ዓመቱ ግንባሩን ቋጥሮ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግቢውን ሲዞር ያዩ ልጆች ናቸው እንደዚያ ያሉት። ስሙ ተስማምቶት ቀረ።

እናትና አባቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ የመኪና አደጋ ሞቱ። እሱ አሥራ አንድ፣ እህቱ አራት ዓመቷ ነበር። የእናታቸው እህት ሁለት ዓመት ያህል አቅፋ ያዘቻቸው፤ ከዚያ እሷም የአልጋ ቁራኛ ሆነች፣ ኋላም አረፈች። ነገሩ ወደ ሕጻናት ጉዳይ ቢሮ ሄደና አሳዳጊ ቤተሰብ ይፈለግላቸው ተባለ። ለስድስት ዓመት ሴት ልጅ ቤት አይጠፋም። ድምፁ መጎርነን ለጀመረ፣ ግንባሩን ለቋጠረ የአሥራ ሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ግን ማን በሩን ይከፍታል? እህቱን አንዲት አዋላጅ ነርስና የአውቶቡስ ሾፌር ባሏ ወሰዷት። ልጅ አልነበራቸውም። እሱን ማሳደጊያው ተቀበለው።

የተለያዩት በቢሮው ኮሪደር ላይ ነው። እህቱ ሱሪውን ጨምድዳ ይዛ አልለቅም አለች።

"አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ መጥቼ እወስድሻለሁ" አላት።

"ማን ይሙት?"

ልጅ በእናቱ ይምላል፣ በአባቱ ይምላል። እሱ በማን ይማል? ጥቂት አሰበና "አንቺ ትሙቺ" አላት። ይኼኔ ሱሪውን ለቀቀች።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ይገናኙ ነበር። አዋላጇ ቢሮው አጠገብ ወዳለው መናፈሻ ታመጣታለች፤ እነሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አዋላጇ ራቅ ብላ ጋዜጣ ታነባለች። አብረው የሚቆዩት ሁለት ሰዓት ነው። ዝናብ ከጣለ አንድ ሰዓት።

አሥራ ስምንት የሞላው ሐሙስ ቀን ነው። የማሳደጊያው ኃላፊ አንድ ሻንጣ፣ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ፋይል ሰጡት። ፋይሉ ውስጥ የልደት ወረቀቱ፣ የክትባት ካርዱና የትምህርት ማስረጃው አለ። እጁን ጨብጠው "በል እንግዲህ፣ ሰው ሁን" አሉት። ይህን ሲነግረኝ ካየሁት ጥቂት ሳቆቹ አንዱን ሳቀ። "እስከዚያ ቀን ምን እንደነበርኩ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ሰውየው ቸኩለዋል" አለኝ።

ከበሩ ወጥቶ ቆመ። በግራ ይሂድ በቀኝ አላወቀም። አምስት ዓመት ከዚያ በር ሲወጣ ሁልጊዜ በሰልፍ ወይም ከአጃቢ ኋላ ነበር፤ ፊት ያለው ወደዞረበት ይዞራል። አሁን ፊት ያለው ሰው የለም። ዘበኛው "ምን ረሳህ?" ብሎ ሲጠይቀው አፍሮ ወደ ቀኝ ሄደ። ቢሮው የተከራየለት ክፍል በግራ በኩል ነበር፤ ዙሪያውን ዞሮ ደረሰ።

ብዙ ነገር አያውቅም ነበር። ማሳደጊያ ውስጥ የወጥ ቤት ተራ ሲደርሰው ለአርባ ሰው ሩዝ ይቀቅላል፤ ለአንድ ሰው መቀቀል ግን ማንም አላስተማረውም። የመጀመሪያውን ሩዝ አራት ቀን በላው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደወል ይጠብቃል። ደወል የለም። ቆሞ ነበር የሚበላው፤ አንድ ወንበር አለ፣ ግን ለብቻው ተቀምጦ መብላት የሆነ ሰው ቦታ እንደ መንጠቅ ሆነበት።

ወደ እኛ የመጣው በወሩ ነው። የመስታወት ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

"ዋስ አለህ?"

"የለኝም።"

"አጎት? አክስት? ጎረቤት?"

"የለኝም ጋሼ።"

"የክርስትና አባት እንኳ የለህም? ከሰማይ ነው የወረድከው?"

"ከማሳደጊያ ነው።"

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። የሆነ ነገር ሲሰማቸው እንዲያ ያደርጋሉ። "እንግዲያው ዋስህ እጅህ ይሁን" አሉና ስብርባሪ መስታወት ላይ ልምምድ አስጀመሩት። የመጀመሪያ ትምህርታቸው ለሁሉም አንድ ነው፦ "የሚወድቅ መስታወት አትቅለብ። ይሰበር። የተሰበረ መስታወት ይተካል።" እሱ ግን ቀልቦ ነበር፣ በሁለተኛው ሳምንት። ቀኝ መዳፉ ላይ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው የወረደ ጠባሳ አለው። ሐኪም ቤት አልሄደም። በጨርቅ አሥሮ ሥራውን ቀጠለ።

እጁ ወርቅ ሆኖ ወጣ። መቁረጫውን አንዴ ይጎትታል፣ አይደግምም፤ ከዚያ ከሥር መታ ሲያደርገው መስታወቱ እንደ ብስኩት ለሁለት ይከፈላል። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት "ደህና አደራችሁ" ሲል ድምፁ ዝጎ ነው የሚወጣው። እየደጋገመ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጉንፋን ነው እያልኩ ስንት ሰኞ አሳለፍኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ እህቱን በማያገኝበት ሳምንት፣ ዓርብ ማታ "ደህና እደሩ" ብሎን ከወጣ እስከ ሰኞ ጠዋት ከአንድ ሰው ጋር አንድ ቃል አይነጋገርም ነበር።

ኪሱ ውስጥ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ቢሮ ሄዶ "እህቴን ልውሰድ" ሲላቸው፣ ጉዳያቸውን የምትከታተለው ባለሙያ ናት የጻፈችለት። ዕድሜ ሃያ አንድ። ቋሚ ሥራ። ልጅቷ ለብቻዋ የምትተኛበት ክፍል፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ። ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስበት ሰፈር። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል።

ሦስት ዓመት ያን ወረቀት ሲያሟላ ኖረ። እኩዮቹ ኳስ ሲያዩ፣ ሴት ልጅ ሲሸኙ፣ እሱ ቤት ይፈልጋል። በመጨረሻ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል አገኘ። የውስጠኛውን ለእህቱ አደረገ። ግድግዳውን ቢጫ ቀባው፣ ስድስት ዓመቷ እያለ ቢጫ እወዳለሁ ብላው ነበር። አልጋ ገዛ፤ ፍራሹ እንዳይቆሽሽ ከነፕላስቲኩ አነጠፈው። የመስኮቱን መስታወት ራሱ ቆረጠ፤ ሲጨርስ ጠርዙ እንዲለሰልስ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ጀመረ።

"ፍሬም ውስጥ ለሚገባ ጠርዝ?" አልኩት።

"እጇ ቢነካውስ?"

አንድ ቀን ደግሞ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እትዬ፣ ፀጉር እንዴት ነው የሚጎነጎነው?" አለኝ። ሁለት ሴት ልጆች እንዳሉኝ ያውቃል። ሳቄ መጣ፤ ፊቱን አየሁና ዋጥኩት። በጓሮ ያለውን ባለ ረጅም ክር መወልወያ አምጥቼ ዘቀዘቅሁለትና ሦስት ቦታ ከፍሎ እንዲይዘው አሳየሁት። በምሳ ሰዓት ሲለማመድ ሰነበተ። ጋሼ አንድ ቀን ጓሮ ወጥተው መወልወያው ከላይ እስከ ታች ተጎንጉኖ አዩትና "ማን ነው መወልወያዬን የዳረው?" ብለው ጮኹ። ያን ቀን ያልሳቀ የለም። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

ሃያ አንድ ሞላው። ባለሙያዋ መጥታ ክፍሉን አየች፣ ቁልፉን ከውስጥ ቆልፋ ከፈተች፣ መስኮቱን ነካች። ወረቀቷ ላይ "ተሟልቷል" ብላ ጻፈች። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ስለሆነ የራሷም ቃል ይጠየቃል አለችው። እሱ ይህን እንደ ደንብ ነው የሰማው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉን ሊያሳያት እህቱን ይዟት ሄደ። ቁመቷ ትከሻውን አልፏል። በሩ ላይ ቆማ ዞር ዞር ብላ አየች።

"ቢጫ ነው" አለች።

"ትወጂው የለ?"

"እ… አዎ።"

አልጋው ላይ ተቀመጠች። "ወንድምዬ፣ ቁጭ በል።"

"ቆሜ ይሻለኛል።"

"ቁጭ በል እንጂ! ሽቅብ ሳይህ አንገቴን አመመኝ።"

ተቀመጠ። ፕላስቲኩ ከሥራቸው ተንኮሻኮሸ።

"በጣም ቆንጆ ቤት ነው" አለችው።

"ያንቺ ነው።"

"አውቃለሁ።" ጣቶቿን አፍተለተለች። "ግን እኮ እኔ ቤት አለኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ሁልጊዜ 'እወስድሻለሁ' ትለኛለህ። ከየት ነው የምትወስደኝ? ከቤቴ እኮ ነው። ትምህርት ቤቴ እዚያ ነው፣ ጓደኞቼ እዚያ ናቸው፣ እማዬ ደግሞ…" ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

እማዬ። ሁልጊዜ አዋላጇን "እትዬ" ስትላት ነበር የሚሰማው።

"እትዬ አልነበር የምትያት?"

"አንተ ፊት ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሰባት ዓመቴ ላይ ኩፍኝ ይዞኝ… ትዝ ይልሃል? ሁለት ቅዳሜ ያልመጣሁ ጊዜ። ከዚያ ጀምሮ።"

እንግዲህ አስቡት። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ያቺ ሕጻን ልጅ አፏ ላይ የመጣውን ቃል ስትውጥና ሌላ ቃል ስታወጣ ኖራለች፤ ወንድሟ እንዳይከፋው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዴት ብዬ? አንተ መች ታወራለህ? የምታወራው ስለ ክፍሉ ብቻ ነው። ስታወራ ደግሞ ፊትህን ብታየው…" እንባዋ መጣ። "በሕግ ልጃቸው ሊያደርጉኝ ይፈልጋሉ። የአንተ ፊርማ ያስፈልጋል። አምና ነው የጠየቁኝ። 'ወንድሜ ቤቱን እስኪጨርስ ቆዩ' አልኳቸው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። አዋላጇ ታውቃለች፣ ሾፌሩ ያውቃል፣ ቢሮው ምናልባት ሳይጠረጥር አልቀረም። ያላወቀው እሱ ብቻ ነው።

ምን አላት ብላችሁ ነው? "በልተሻል?" አላት።

"በልቻለሁ።"

"ሻይስ?"

ሻይ አፈላላት። ጠጥታ ስትጨርስ ፌርማታው ድረስ ሸኛት። እሷ አውቶቡሱ እስኪመጣ አለቀሰች። እሱ ቦርሳዋን ይዞላት ቆመ።

ሰኞ ዕለት አንድ ትልቅ የሱቅ መስታወት አበላሸ። ልኩ ትክክል ነበር፤ የቆረጠው ግን ከተሳሳተው ጎን ነው። ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቶ አያውቅም። ጋሼ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ፊቱን አይተው ዘጉት፤ መጥረጊያውን ራሳቸው አንስተው ስብርባሪውን ጠረጉ። ሐሙስ ዕለት መኪና ውስጥ ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ "ደስ ካላት ይሻላል" አልኩት።

"ይሻላል" አለኝ። ከዚያ እስክንደርስ መስኮቱን ሲያይ ሄደ።

ፈረመ። ቢሮው ውስጥ አዋላጇና ሾፌሩ አንድ በኩል፣ እሱ አንድ በኩል ተቀመጡ። ሲፈርም አዋላጇ መዳፉን አየችና እጁን ያዘችው። "ይሄ እኮ መሰፋት ነበረበት፣ ልጄ። ማን ነው ዝም ያለህ?" አለችው። ሾፌሩ ሲወጡ ትከሻውን መታ አድርጎ "ቤታችን ቤትህ ነው" አለው። ከልቡ እንደሆነ ሽማግሌው ራሱ መስክሯል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ በእነሱ ላይ አንድ ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ሁለት ጊዜ ሄደ። ሁለቱንም ጊዜ ለእንግዳ የሚወጣው ብርጭቆ ወጣ፣ ጥሩው ወንበር ተለቀቀለት። "እህቴ በሩን ከፍታ 'ግባ፣ ምን ላምጣልህ?' አለችኝ" አለኝ። "እትዬ፣ ሰው ወንድሙን ምን ላምጣልህ ይላል?" ሦስተኛ ጊዜ አልሄደም። መናፈሻው ላይ መገናኘቱን ቀጠሉ፤ በየሁለት ሳምንቱ የነበረው በወር ሆነ፣ ከዚያ ፈተና ሲደርስባት በሁለት ወር። ተጣልተው አይደለም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቅዳሜዋ ብዙ ባለቤት አለው።

ሁለት ክፍሉን አልለቀቀም። ውጭኛው ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ የቢጫው ክፍል በር እንደተዘጋ ይውላል። ዓመት ካለፈ በኋላ አልጋውን ፈታቶ ለማሳደጊያው ሰጠ። ፕላስቲኩ ገና አልተቀደደም ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው፣ ሁለት ቀን ከሥራ ቀረ። እሱ ቀርቶ አያውቅም። ጋሼ "ሂጂ እስቲ እዪው" አሉኝ። በሩን ባንኳኳው መልስ የለም፤ ገፋ ሳደርገው ተከፈተ። ትኩሳት አቃጥሎት ተኝቷል። ከንፈሩ ደርቋል። ከአልጋው እስከ ቧንቧው ድረስ ወለሉ ላይ ውሃ ተንጠባጥቧል፤ ራሱ እየተነሳ ሲቀዳ የፈሰሰ ነው።

"ለምን አልደወልክም?"

ዓይኑን ሳይከፍት "ምን ብዬ?" አለኝ።

ተናደድኩ። "አመመኝ ብለህ ነዋ! ሰው ሲታመም አመመኝ ይላል!"

"ለማን እንደሚባል ጠፍቶኝ ነው" አለ። እየቀለደ አልነበረም። ማሳደጊያ ውስጥ የታመመ ልጅ ስሙ ተጽፎ ለክሊኒክ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲህ መታመምን ለሰው መንገር ያስተማረው የለም። መድኃኒት ገዝቼ፣ ሾርባ ሠርቼ፣ ስልኬን በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩለት። ድኖ ሲመለስ አመሰገነኝ። አንድም ቀን ግን አልደወለም።

ሃያ አምስት ዓመት ሲሆነው ጋሼ በሌላ ከተማ ሁለተኛ ሱቅ ከፈቱ። ማን ይሂድ ሲባል እጁን አወጣ። የመጨረሻዋን ቀን ጠረጴዛው ላይ መቁረጫዎቹን በጨርቅ ሲጠቀልል ጠረጴዛውን ዞሬ አጠገቡ ቆምኩ።

"እዚያ ማን አለህ?" አልኩት።

"እዚህስ ማን ነበረኝ?" አለና ቀና ሲል ፊቴን አየው። ደነገጠ። "አንቺን ሳልቆጥር ማለቴ ነው።"

"ሳትቆጥረኝማ ነው የኖርከው" አልኩት። ሲሄድ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ጭልጥ ብሎ ሄደ።

በሄደበት ከተማ ሱቁን አቋቁሞ የሁለት ሰው አለቃ ሆኗል። በወር አንዴ ስለ ዕቃ ይደውላል፤ "ደህና ነኝ፤ ልጆችስ ደህና?" ብሎ ይዘጋል። ባለፈው ክረምት ግን ያለ ቀኑ ደወለ። እህቱ ኮሌጅ ገብታ፣ ወደ ትምህርቷ ስታልፍ እሱ ጋ ጎራ ብላ ነበር። ለአንድ ቀን የመጣች ሦስት ቀን ሰነበተች። አልጋውን ለቆላት እሱ መሬት አንጥፎ ተኛ።

"እንዴት ነበር?" አልኩት።

"እትዬ፣ ታንኮራፋለች እኮ!" አለኝ። "እንደ ትልቅ ሰው! እኔ አላውቅም ነበር።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አንድ ጣሪያ ሥር አድረው አያውቁም፤ በምን ይወቅ?

"ሄደች?" አልኩት።

"ዛሬ ጠዋት ሸኘኋት።" ጉሮሮውን ጠረገ። "በይ እሺ፣ ደንበኛ መጥቷል" ብሎ ዘጋው።